ቀዩን ባንዲራ ስቀሉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ እንዴት ከረማችሁ። እኔ ጋዜጣችሁን ፒያሳ ካለች አንዲት ሱቅ እየገዛሁ የማነብ የደሴ ሰው ነኝ፣ ጡረታ የወጣሁ ሹፌር፣ ደሴ አዲስ አበባ 27 ዓመት የተመላለስኩ። ከዚህ በፊት ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም ስለዚህ ፊደል ብስት አርሙልኝ፣ ረዘመ ካላችሁም ቁረጡት፣ የባንዲራውን ነገር ግን እንዳትቆርጡብኝ አደራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና መስከረም ላይ አሜሪካ ያለችው ልጄ ጠርታኝ ሄጄ ነበር። የምትኖረው ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አልበከርኪ የሚባል ከተማ ነው፣ ደረቅ አገር ነው፣ በስተምሥራቅ ሳንዲያ የሚባል ተራራ እንደኛ ጦሳ ከተማው ላይ ተደግፎ ቆሟል፣ መጀመሪያ ቀን ሳየው አገሬ የደረስኩ መሰለኝ። እዛ በየዓመቱ በፈረንጆች ኦክቶበር መጀመሪያ፣ እኛ መስቀል አልፎ አደይ ሳይረግፍ ማለት ነው፣ ለ9 ቀን የፊኛ ፌስቲቫል ይደረጋል። ፊኛ ስል ልደት ላይ የምንነፋውን አይደለም፣ ሰው ቅርጫት ውስጥ ቆሞበት በሙቅ አየር ወደ ሰማይ የሚወጣውን ነው፣ አንዱ ብቻውን የስድስት ሰባት ፎቅ ቁመት አለው፣ እና እንደዚህ ያለ ከ500 በላይ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ልጄ እንደነገረችኝ በፈረንጆቹ 1972 ሲጀመር 13 ፊኛ ብቻ ነበር፣ ያውም የአንድ ገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ላይ።

ከተመለስኩ ጀምሮ የስልኬን ቪዲዮ ያላየ ጎረቤት የለም፣ ቡና በተፈላ ቁጥር "እስቲ ያንን ፊኛ" ነው። የሰፈራችን ወጣቶች ደግሞ "ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ላይም ይዘጋጅልን ብለው ለጋዜጣ ይጻፉ፣ ቱሪስት ይጎርፋል" ብለው ወጥረው ያዙኝ። እሺ ብዬ ቁጭ አልኩ። ልጽፍ ስል ግን ትዝ ያለኝ ፊኛው የበረረበት ቀን አይደለም፣ ያልበረረበት ቀን ነው፣ ሁለት ጧት ነበር የሄድነው፣ የመጀመሪያው ጧት አንድም ፊኛ አልተነሳም።

የመጀመሪያውን ልንገራችሁ። ልጄ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ቀሰቀሰችኝ። እኔ መቼም ሌሊት መነሳት አዲሴ አይደለም፣ ስንት ዓመት ሙሉ 10 ሰዓት ላይ መናኸሪያ የተገኘሁ ሰው ነኝ፣ ግን ይሄ ለመዝናናት ነው አለችኝ፣ ሰው ለመዝናናት በዚህ ሰዓት ይነሳል እንዴ ብዬ እየተነጫነጭኩ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ስንወጣ የመኪናው መብራት ሰልፍ! ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው ሐረጎ ዳገት ላይ መኪና ተገልብጦ መንገድ ሲዘጋ እንደሚሆነው፣ ቀይ መብራት እስከ ዓይን ማየት፣ ግን ማንም ጥሩምባ አይነፋም። 11 ሰዓት ላይ ሜዳው ደረስን፣ ብርዱ የቦሩ ሜዳ ብርድ ነው፣ ሳሩ ጤዛ ነው፣ ሕፃን በብርድ ልብስ ጠቅልለው የያዙ፣ አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፉ፣ ቡና የያዘ፣ እንቁላልና ድንች በቂጣ ጠቅልሎ ቃሪያ አስገብቶ የሚበላ፣ የቃሪያው ሽታ ብቻ ያገሬ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ልጄ ስልኳ ላይ ባለው አፕ ቂብላ አሳየችኝ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው አለችኝ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ወደ ሰሜን ዞሬ የሰገድኩ ሰው ግራ እየገባኝ ጋቢዬን ሳሩ ላይ አንጥፌ ሱብሂ ሰገድኩ። አጠገቤ የነበሩ ፈረንጆች ዝም ብለው ትንሽ ፈቀቅ አሉልኝ፣ ያችን አልረሳትም።

እና ሜዳው ላይ ባንዲራ አለ። ነገሩ ሁሉ እሱ ነው። አረንጓዴ ከተሰቀለ መነሳት ይቻላል፣ ቢጫ ከሆነ ጠብቁ እያየን ነው፣ ቀይ ከሆነ ለዛሬ አበቃ። ሦስት ቀለም፣ ያውም የኛ የራሳችን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ! ንፋሱ መሬት ላይ በሰዓት ወደ 18 ኪሎ ሜትር ካለፈ አይነሱም፣ የኛ ሰው ቢያየው "ይሄ ደግሞ ንፋስ ነው እንዴ" የሚለው ዓይነት ነው፣ ለፊኛ ግን ብዙ ነው፣ ጨርቁን ሲነፉት እንደ ሸራ ይይዘዋል፣ ሲያርፍም ቅርጫቱን መሬት ለመሬት ይጎትተዋል። ያን ቀን ቢጫ ተሰቅሎ አገኘነው። በድምፅ ማጉያ አንድ ሰው በየጊዜው ያወራል፣ ልጄ ትተረጉምልኛለች፣ "ላይ ያለው ንፋስ ኃይለኛ ነው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግመን እንለካለን" ይላል፣ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ በትክክል ተመልሶ "ለክተናል፣ አልቀነሰም" ይላል። ሁለተኛ እንደዚሁ። ከዛ ፀሐይ ወጥታ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ቀይ ተሰቀለ።

እኔ አሁን ጠብ ይነሳል ብዬ ልጄን እጇን ያዝኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ በሌሊት የተነሳ፣ የከፈለ፣ በብርድ የተንቀጠቀጠ፣ አሁን አንዱ ድንጋይ ያነሳል አልኩ። ምንም! "አአይ" አሉ፣ ልጆቹ ትንሽ አለቀሱ፣ በቃ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ሄዱ። አንድ ሽማግሌ እንደውም ባንዲራ ለሰቀለው ሰው እጁን አውለበለበለት። መኪና ውስጥ ገብተን "ምነው እነዚህ ሰዎች ንዴት የላቸውም" ብላት ልጄ ምን አለችኝ፣ "አባ፣ ምን ያናድዳቸዋል፣ አልዋሿቸውም እኮ"።

ይቺ ቃል እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። ለምን መሰላችሁ፣ እኔ ራሴ ዋሾ ነበርኩ። 27 ዓመት ሙሉ መናኸሪያ ውስጥ መሪ ጨብጬ "አሁን እንነሳለን" ያልኩ ሰው ነኝ። ረዳቴ በር ላይ ተንጠልጥሎ "አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ ቀረ!" ይላል፣ ተሳፋሪው ሮጦ ገብቶ ሲያይ ስድስት ወንበር ባዶ ነው፣ ሞተር አስነስቼ ጋዝ እረግጣለሁ፣ ሁለት ሜትር ወደፊት ሁለት ሜትር ወደኋላ፣ ሊሄድ ነው ብሎ ሌላው እንዲገባ። አንዴ አንዲት እናት፣ ልጇ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶባት፣ "ልጄ እውነቱን ንገረኝ ካልተነሳህ ሌላ ልፈልግ" ስትለኝ "እማማ አሁን፣ በአምስት ደቂቃ" አልኳት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ነው የቆየነው። ወላሂ ያን ሜዳ ላይ ቀዩ ሲሰቀል የታየችኝ እሷ ነች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መስኮት መስኮቱን ታያለች፣ አንድ ጊዜም አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ሁለተኛው ጧት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። አሁን ባንዲራው አረንጓዴ ነው። ገና ሳይነጋ 12 ሰዓት ገደማ ጥቂት ፊኛዎች መብራት አብርተው ቀድመው ወጡ፣ ጨለማ ውስጥ እሳቱ ሲለቀቅ ጨርቁ ከውስጥ እንደ ፋኖስ ይበራል፣ ሲዘጋ ይጠፋል፣ እንደገና ይበራል። ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ እነሱ የሚሄዱበትን አቅጣጫ አይቶ ነው ሌላው ንፋሱን የሚያነበው። እኛም እኮ ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ከፊት የሄደውን መኪና መብራት ነበር የምንከተለው።

ሲነጋጋ ሜዳው ሁሉ ጨርቅ በጨርቅ ሆነ። የሚገርመው ተመልካቹን በገመድ አያጥሩትም፣ ፊኛዎቹ መሀል ነው የምትሄዱት፣ ከቅርጫቱ ጋር ትነካካላችሁ፣ አብራሪዎቹ የፊኛቸው ፎቶ ያለበት ትንሽ ካርድ ለልጆች ያድላሉ፣ ልጆቹ እንደ ድሮ የማስቲካ ምስል ይሰበስባሉ። ከኛ አጠገብ አንድ ቡድን ቅርጫቱን በጎኑ አስተኝቶ ጨርቁን ሳሩ ላይ ዘረጋ፣ በቤንዚን የሚሠራ ትልቅ ፋን አምጥተው አፉ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ይነፉበታል፣ ጨርቁ ቀስ እያለ ያብጣል፣ እንደ ከብት ሆድ ይንቀጠቀጣል። አንዲት ሴትዮ አየችኝና ጓንት ዘረጋችልኝ፣ አፉን ያዝልን ነው፣ ሰው አንሷቸዋል። እኔ ደሴ ላይ የጎረቤት ድንኳን ስተክል ያደግሁ ሰው፣ ለምን እምቢ እላለሁ፣ የጨርቁን ጠርዝ ግራና ቀኝ ወጥረን ይዘን ቆምን። ከዛ አብራሪው እሳቱን ለቀቀው። ድምፁ፣ የከባድ መኪና አየር ፍሬን ሲለቀቅ "ፉሽሽ" የሚለውን ታውቁታላችሁ፣ እሱን መቶ እጥፍ አድርጉት፣ ነበልባሉ ከሰው ይረዝማል፣ ጎኔ በረዶ ነው ፊቴ ምጣድ ላይ ነው። ያ የተኛ ነገር ቀስ ብሎ ቀና አለ፣ ቅርጫቱም አብሮ ተነሳ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ጓንቱን መለስኩ።

እሳቱን እያስተካከለ ሳለ ልጄን "መሪው የት ነው ብለሽ ጠይቂልኝ" አልኳት። አብራሪው ሳቀ፣ መሪ የለውም። ፍሬንም የለውም። እሱ የሚችለው መውጣትና መውረድ ብቻ ነው፣ ቀኝና ግራ የሚወስደው ንፋሱ ነው፣ ንፋሱ ደግሞ በየከፍታው አቅጣጫው ይለያያል። አልበከርኪ ላይ ጧት ጧት ከታች ያለው ንፋስ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል፣ ከላይ ያለው ደግሞ ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ስለዚህ ዝቅ ብሎ ሄዶ ከፍ ብሎ ይመለሳል፣ የተካነው የተነሳበት አጠገብ መልሶ ያርፋል። እነሱ ሳጥን ይሉታል ይሄን። ምክንያቱ ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ከብዶ በወንዙ ሸለቆ ቁልቁል ስለሚፈስ ነው ብሎ አስረዳኝ፣ እኔ ይሄን መቼ አጣሁት፣ ጧት የሐረጎን ዳገት የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፣ ጢሱ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ይተኛል፣ ረፋድ ላይ መሬቱ ሲሞቅ ሽቅብ ይዞራል። ለዚህ ነው በሌሊት የሚያስነሱን፣ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀችው ንፋሱ ይረበሻል፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ፊኛው በደንብ ይነሳል። ውስጡ ያለው አየር ወደ 100 ዲግሪ ይሞቃል፣ የውጩ 5 ዲግሪ ነው፣ ከልዩነቱ ነው ጉልበቱ። አንድ መካከለኛ ፊኛ የሚይዘው አየር ብቻውን ወደ 2 ቶን ይመዝናል ሲለኝ አላመንኩም፣ ልጄ ስልኳ ላይ አስልታ ካሳየችኝ በኋላም ትንሽ ይከብደኛል፣ አይሱዙ ግማሽ ጭነት አየር!

ከዛ ጥቁርና ነጭ ሽንትር የለበሱ ሰዎች፣ የሜዳ አህያ ብለው ይጠሯቸዋል፣ እየዞሩ አንድ በአንድ ያስነሷቸዋል፣ ከላይ ማንም አለመኖሩን አይተው ፊሽካ ነፍተው አውራ ጣት ያሳያሉ፣ ተራ አስከባሪ ማለት ነው ግን የማይጮህ። አንድ ሰዓት ላይ ተባለ፣ አንድ ሰዓት ላይ ተጀመረ። ላም አለ፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ንቦች አሉ፣ ሰማዩ እንደ እንቁጣጣሽ ልጆች ሥዕል ሆነ። ባለቤቴ ጋ ደወልኩላት፣ ደሴ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ነበር፣ ላሳያት ስል ኔትወርኩ ይቆራረጣል "አላየሁም፣ ግን ድምፅህ ደስ ብሎታል" አለችኝ። እዛው ቆሜ አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም።

ፊኛ የተጀመረው ፈረንሳይ አገር ነው፣ በፈረንጆቹ 1783፣ ሞንጎልፊየር የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው የሠሩት፣ ሰው ከመሳፈሩ በፊት ንጉሡ ፊት በግና ዳክዬና አውራ ዶሮ ነው የሰቀሉት። የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች እነሱ ናቸው እንግዲህ፣ ቢያንስ "አንድ ሰው ብቻ ቀረ" ብሎ ያታለላቸው የለም።

እና ኮምቦልቻስ ለምትሉኝ ልጆች። ልባችሁን አልሰብርም፣ ግን እኔ አሁን አልጽፍም። ከፍታው አይከለክልም፣ አልበከርኪ ከባህር ጠለል ወደ 1600 ሜትር ነው፣ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ፣ ደሴ 2500፣ ቀጭን አየር ላይ ትንሽ ሰው ቀንሶ መጫን ነው። ችግሩ ማረፊያው ነው፣ ዙሪያው ገደልና እርከን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ኤርፖርቱ ደግሞ እዛው ሜዳው ላይ፣ የሚያቃጥለውም ፕሮፔን ነው፣ የኛ እናቶች ሲሊንደር ለማስሞላት ስንት እንደሚሰለፉ እያየን በአንድ ጧት ያን ሁሉ እሳት ለሰማይ እንልቀቀው? ይቅር። አንድ ሁለት ፊኛ ያለው ሰው መጥቶ ቢሞክር ግን አልጠላም፣ እኔ ጓንት አድርጌ አፉን እይዛለሁ።

ደግሞ ከሰማይ ጋር ያለን ነገር ብዙ ነው። ደሴ እኮ ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ነው፣ አፄ ዮሐንስ 1870ዎቹ ውስጥ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው "ደስዬ" አሉ ይባላል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ደግሞ በዛው ሰማይ የጣሊያን አውሮፕላን መጥቶ ከተማዋን በቦምብ ደበደበ፣ ጃንሆይም እዚሁ ነበሩ። የ2014ቱን እናንተም ታውቁታላችሁ አላወራውም። ቪዲዮውን ሳሳያቸው አንዷ ጎረቤታችን የእሳቱን ድምፅ ስትሰማ ስኒውን አስቀምጣ "ይሄ ነገር ድምፅ አለው እንዴ" ብላ ጠየቀችኝ፣ አብሽሪ፣ የደስታ ነው አልኳት፣ እስኪያልቅ ግን አላየችውም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። እኔ ፊኛ አይደለም የምለምነው፣ ባንዲራውን ነው።

በቅርቡ አንድ ምረቃ ላይ ተጠራሁ፣ የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅር፣ ካርዱ ላይ "ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል" ይላል፣ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስኩ። ድንኳን ተጥሏል፣ ወንበር ሞልቷል፣ ሙዚቃው ይጮሃል። 3 ሰዓት። 4 ሰዓት። የክብር እንግዳው "መንገድ ላይ ናቸው" ይባላል። አበባ እንድትሰጥ የቆመች አንዲት ልጅ ነበረች፣ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ባህል ልብስ ለብሳ ፀሐይ ላይ ቆማለች፣ አበባው መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ነበር፣ ከዛ አንገቱን ደፋ፣ ልጅቷም አብራ አንገቷን ደፋች፣ እናትየዋ ውሃ ልትሰጣት ስትል አስተናባሪው "አሁን ይገባሉ አታንቀሳቅሷት" አለ። እንግዳው የመጡት 6 ሰዓት ሊሆን አሥር ጉዳይ ላይ ነው። እና በኋላ የሰማሁት ምን መሰላችሁ፣ ጧት 2 ሰዓት ላይ እኮ ያውቁ ነበር! ሌላ ስብሰባ እንዳላቸው ተደውሎ ተነግሯቸዋል። አንድ ሰው ማይክ ይዞ "ወገኖቼ ወደ 6 ሰዓት ተዛውሯል፣ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ኑ" ቢል ምን ይቀንሳል። እሺ እኔስ ጡረተኛ ነኝ፣ ልጅቷስ?

ሌላ። አንድ ወረቀት ለማሳደስ አንድ ቢሮ ሄጄ ከሰዓት 8 ሰዓት ጀምሮ ወረፋ ያዝኩ። "ሲስተም የለም ግን ይመጣል ጠብቁ"። 9 ሰዓት "ይመጣል"። 10 ሰዓት "ሊመጣ ነው"። ከኋላዬ ከኩታበር የመጡ አባት አሉ፣ የመመለሻ መኪና እያለፈባቸው ነው፣ እግራቸው አብጧል። በር ላይ ያለው ጥበቃ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ "ጋሼ፣ መስመሩ ከጧት ጀምሮ ተቆርጧል፣ ዛሬ አይሠራም፣ እኔ ነገርኩዎ አይበሉ" አለኝ። እንግዲህ እዛ ግቢ ውስጥ ባንዲራ ሰቃዩ እሱ ብቻ ነበር፣ እሱም ተደብቆ። አባትየውን ይዣቸው ወጣሁ። "ለምን አልነገሩንም" ሲሉኝ መልስ አጣሁ፣ ምክንያቱም መልሱን አውቀዋለሁ፣ ከመናኸሪያ አውቀዋለሁ። እውነቱን ከነገርከው ሰውየው ይሄዳል፣ ሰውየው ከሄደ ደግሞ እሱን መጠበቅ ያንተ ሥራ ይሆናል፣ ቆሞ ከጠበቀ ግን ጥበቃው የሱ ነው። ከዛ ደግሞ ኢንሻአላህንም እግዜር ያውቃልንም ለዚሁ ነገር ማምለጫ አደረግናቸው፣ ይሄ ነው የሚያስከፋኝ፣ ምክንያቱም አዛንም ሆነ የመድኃኔዓለም ደወል "እንግዳ አልመጣም" ብለው ዘግይተው አያውቁም።

ፈረንጅ ስለሆኑ ነው የሚል አለ፣ ቡና ላይም ተነስቶ ነበር። አይደለም። የኛ ሰፈር ጠላ የምትሸጥ ሴት አለች፣ እኔ ጠላ አልቀምስም፣ ግን በሯ ላይ ያለውን ጣሳ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ረጅም እንጨት ላይ ጣሳ ከተደፋ ጠላ አለ፣ ጣሳው ከወረደ አልቋል፣ ማንም በሯን አያንኳኳም። የመጨረሻው ጣሳ ሲቀዳ ለልጇ "ውጣና አውርድ" ትላለች፣ ልጁ ኳሱን ጥሎ ሮጦ ያወርዳል። ይሄን ማን አስተማራት፣ ማንም። ስለዚህ እናውቅበታለን፣ ቢሮ ስንገባ ነው የሚጠፋብን። የመናኸሪያ ሰዎች፣ የቢሮ ሰዎች፣ ዝግጅት አስተናባሪዎች፣ ስታነቡ ተቆጡኝ ግድ የለም፣ ብቻ አንድ እንጨትና ሦስት ጨርቅ አታጡም።

እኔ በበኩሌ ጀምሬያለሁ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው፣ ፈረቃው ደግሞ የተጻፈ ነው እንጂ የሚመጣ አይደለም። የኔ ቤት ከታች ስለሆነ ውሃው ከመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው እኔ ጋ ነው፣ ለሱብሂ መነሳቴም አይቀርም፣ ስለዚህ ቧንቧውን ከፍቼ አያለሁ። አጥር ላይ አንድ የባህርዛፍ እንጨት አቁሜያለሁ። ውሃ ከወረደ የባለቤቴን አረንጓዴ ሻሽ እሰቅላለሁ፣ ቧንቧው አየር ብቻ እያወጣ "ኹርርር" ካለ ቢጫ ጀሪካን፣ የተቀደደ ስለሆነ ለሌላ አያገለግልም፣ እስከ 12 ሰዓት ምንም ካልመጣ ደግሞ ድሮ ከመኪናዬ ኋላ የወጣ ዕቃ ስጭን የማስረው ቀይ ጨርቅ። መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ ልጆቹ "ጋሼ ፌስቲቫል ከፈቱ" አሉ። አሁን ከላይ ያለው ሰፈር ሁሉ ጧት መስኮት ከፍቶ ወደ እንጨቴ ነው የሚያየው።

ባለፈው ሳምንት ከላይ የምትኖር አንዲት ልጅ ያላት ወጣት፣ ሁልጊዜ 9 ሰዓት ሌሊት ተነስታ ባልዲ ደርድራ የምትጠብቅ፣ መንገድ ላይ አግኝታኝ "ጋሼ፣ ሐሙስ ቀዩን አይቼ ተመልሼ ተኛሁ፣ ልጄን አቅፌ እስከ 2 ሰዓት ነው የተኛሁት" አለችኝ። ውሃ እኮ አልመጣላትም፣ ግን ፊቷ ፈክቷል።

ቀዩ ጨርቅ ፀሐይ በልቶት ነጣ፣ ሌላ መፈለግ አለብኝ። የባለቤቴ ሻሽ ግን አዲስ እንደሆነ ነው፣ ከሰቀልኩት አራት ቀንም አልሞላው።

አክባሪያችሁ፣ ጡረታ የወጣ ሹፌር፣ ከደሴ። ስሜ እንዳይወጣ፣ ሰፈሩ በእንጨቱ ያውቀኛል።